በሚካኤል ዕለት የታረሰችው ቁራሽ መሬት

ልጄ ሰላም ሞላሌ ከተማ አጠገብ በሚሠራው የጠጠር መንገድ ላይ፣ አፈር የሚጠቀጥቀውን ሮለር ትነዳለች። ሥራውን ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነው። እኔ አልወደድኩትም። ያ ሁሉ ብረት ቁልቁል ቢንሸራተትስ እያልኩ፣ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ፍሬኑን አይተሻል ወይ እላታለሁ። "እማ፣ ፍሬኑን የሚያየው መካኒኩ ነው" ትለኛለች። ማታ እስክትገባ ድረስ ሥራ በእጄ አይያዝልኝም። ቤቱን የያዘችው ግን እሷ ናት። የታናናሾቿ ደብተርም ሆነ የቤት ኪራዩ በእሷ ነው። ስለዚህ ከማስጠንቀቅ ሌላ የምለው የለኝም።

ባለፈው ሐምሌ ብርዱ ሲጠና እናቴ ከገጠር ለሰላም የሚለበስ ነገር ላከች። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልላ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ነው የላከችው። ሰላም ጠዋት ከአውቶቡሱ ተቀብላ በዚያው ለብሳው ወደ ሥራ ሄደች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ ዝናቡ ቤቱን አጨልሞታል። ገና በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። የረጠበ የበግ ጠጉር፣ የቆየ ጭስ፣ ከሥሩ ደግሞ የበሬ ላብ። ዞር ስል ከበሩ ጀርባ ሰው ቆሟል። አንደኛው ትከሻው ላይ እንደ ቀንድ የሾለ ነገር አለው፤ ሹሉ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ዘንቢሌ ከእጄ ወደቀ።

የአባቴ በርኖስ፣ ትከሻው የሾለ የሱፍ ካባው ነበር። ሰላም ዝናብ መትቷት ቀደም ብላ ገብታ፣ እንዲደርቅ ሰቅላው ተኝታለች። የተበተነውን ሽንኩርት መልቀም እንኳ አቅቶኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያቺ ሰኔ ተመልሳ መጣች።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ይሆናል፤ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከዘመሮ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ደጋው ላይ ናት። መሬታችን ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከትንሿ ሸለቆ ማዶ ነው። መጨረሻው ገደል ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለችውን ጠባብ ቁራሽ አባዬ ሁልጊዜ በመጨረሻ ነበር የሚያርሳት። በሬዎቹን ሳይመታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እያባበለ። እናቴ እዚያ ሲደርስ ማየት ስለማትችል ወደ ቤት ትገባ ነበር።

አባዬ ከጥምቀት በኋላ ከጎረቤት ወንዶች ጋር ቆላ ወረደ፤ ለምንጣሮ ሥራ። ለግንቦት ልደታ እመጣለሁ ብሎ ነው የሄደው። ለእኔ አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ለእማዬ ጫማ ሊያመጣ ቃል ገብቷል። ግንቦት ልደታ አለፈ። አብረውት የወረዱት ሰዎች ተመለሱ። "ደጀኔ ወደ ሌላ እርሻ ተሻግሯል፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም" አሉ። በርኖሱን ለቆላ አይሆንም ብሎ ትቶት ስለሄደ፣ ግድግዳው ችካል ላይ እንደተሰቀለ ነበር። እኔ በፊቱ ሳልፍ ጫፉን እነካዋለሁ።

ሰኔ ሲገባ የአባዬ ታላቅ ወንድም አያ በቀለ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው ነው የተናገሩት።

"አየለች፣ መሬቱ ዝናብ ጠጥቷል። ለእኩል ስጪኝና ልረሰው።"

"ደጀኔ ይደርሳል፣ አያ።"

"ባይደርስስ? አንቺ እርፍ ልትጨብጪ ነው?" ብለው ሳቁ። እማዬም አብራ ሳቀች። ሲሄዱ ግን ሳቋን አቆመችና ጎተራውን ከፍታ ለረጅም ጊዜ ወደ ውስጥ አየች። የአምናው ገብስ ሙሉው የእኛ ሆኖ እንኳ ሊያልቅ ነው። ግማሹን ለሌላ ሰጥታ ከፋሲካ ወዲያ እኔንና ሕፃኑን ወንድሜን ማሙሽን ምን ልታበላን ነው? ይህን አሁን ነው የምረዳው። ያን ጊዜ የገረመኝ ባዶ ጎተራን እንደዚያ አፍጥጦ የሚያይ ሰው ነበር።

በእኛ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ጓል ትከሰክሳለች፣ እርሻ ግን አትነካም። ከነካች በዚያ መሬት ላይ በረዶ ይወርዳል ይባላል፤ በረዶ ደግሞ የማንን ድንበር ለይቶ አይመታምና ጎረቤት ሁሉ ይፈራታል። እንዲህ ያለች ሴት ለአጨዳ ሰው ብትጠራ የሚመጣላት የለም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የሰኔ ጉም በእኛ ዘንድ ከገደሉ ሥር ነው የሚነሳው። እንደ ውሃ እየሞላ ይመጣና መጀመሪያ መሬታችንን፣ ቀጥሎ ሸለቆውን፣ በመጨረሻ ደጃችንን ይውጣል። እማዬ ጉሙ ደጅ ሲደርስ ትነሳለች።

"በሬዎቹን ላሰማራ ነው። በሩን ከውስጥ ቀርቅሪ። ሰው ከጠራሽ፣ እማዬ አሟት ተኝታለች በይ።"

አንድ ቀን እሷ ከወጣች በኋላ ማሙሽን አዝዬ ስዞር፣ በርኖሱ ችካሉ ላይ የለም። ቀኑን ሙሉ አልነበረም። ማታ ግን ተሰቅሎ አገኘሁት፤ ስነካው ረጥቧል። እማዬን ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩና እጇን አየሁ። መዳፏ በሙሉ ውሃ ቋጥሯል።

"ሳማ ለብልቦኝ ነው" አለች ሳልጠይቃት።

በማግስቱ በግድግዳው ስንጥቅ ዓይኔን አስጠግቼ ጠበቅሁ። መጀመሪያ የሰማሁት የቀንበር ሲጢጥታ ነው። ከዚያ አፈር ሲገለበጥ። ሌላ ምንም የለም። እኔ የማውቀው አራሽ ዝም አይልም፤ በሬዎቹን ይሰድባል፣ ያቆላምጣል፣ ጅራፍ ያጮሃል። ይኼኛው ግን ድምፅ አልነበረውም። ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። ነፋስ ጉሙን ለአፍታ ሲከፍተው በሬዎቻችንን፣ ቦራንና ጉራችን አየሁ፤ ከኋላቸው በርኖስ የለበሰ ረጅም ሰው፣ ትከሻው ላይ ያለው ሹል ወደ ግራ ዘመም ያለ። ጉሙ መልሶ ዘጋው።

አባዬ መጥቷል። እንዲህ ነው ያልኩት። ለምን ቤት አይገባም? እሱንም አሰብኩበት። ቀሚሱን ስላላመጣልኝ አፍሮ ነው። ስለዚህ አልጠራሁትም። በየቀኑ በአንድ ጣሳ ቆሎ አድርጌ ሸለቆው መውረጃ ላይ ካለው ድንጋይ ሥር አስቀምጥለት ጀመር። ስመለስ ጣሳው ባዶ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ከሰማ የሚሄድ መሰለኝ።

በሰኔ ሚካኤል ዕለት ማሙሽ ትኩሳት ይዞት አደረ፤ እማዬ ቤተ ክርስቲያን እንኳ መሄድ አልቻለችም። ጠዋት በጉሙ ውስጥ የቅዳሴው ደወል ሲደወል እንደተቀመጠች አማተበች። ቀኑን ሙሉ ሕፃኑን ታቅፋ ዋለች። በርኖሱ ችካሉ ላይ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ነክቼዋለሁ። በሬዎቹ ጋጣ ውስጥ ሲያመሰኩ ይሰማል። አባዬም ዛሬ ለበዓሉ አርፏል አልኩ በልቤ። ረፋዱ ላይ እማዬ በድንገት ቀና ብላ ፊቷን ወደ መሬቱ አቅጣጫ አዞረች። ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን ስባ የማሙሽን ጆሮ ሸፈነችው።

በማግስቱ በሬዎቹን ይዛ ወጣችና ወዲያው ተመለሰች። ከንፈሯ ነጥቷል።

"ትናንት ከቤት ወጥተሻል?"

"አልወጣሁም።"

"በሬዎቹስ?"

"ጋጣ ነበሩ። አብረን ነበርን እኮ እማዬ።"

"እሺ" አለች። እግሯን ታጠበች። ሦስት ጊዜ አማተበች። ያን ቀን እንደገና አልወጣችም።

በሦስተኛው ቀን እማዬ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለች እትዬ ዘነበች መጡ፤ የአባዬ እህት ናቸው። በሩን እስክከፍት አልጠበቁም።

"እናትሽስ?"

"አሟት ተኝታለች።"

በራሴ ላይ አሻግረው መደቡን አዩ። "የታመመችው ሴት የት ተኛች? ጣራው ላይ?"

መደቡ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ትርንጎ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ከሚካኤል ስመለስ ከላይ ከኮረብታው ሆኜ አየሁ። የገደል አፋፏን የሚያርስ ሰው ነበር። በሚካኤል ዕለት በሬ የሚጠምድ ማን ነው እናንተ ዘንድ?"

ከሳምንት በላይ የያዝኩትን ምስጢር አወጣሁት። "አባዬ ነው" አልኩ።

"አይተሽዋል?"

"በየቀኑ። በርኖሱን ለብሶ።"

"አናግሮሻል?"

"አላናገረኝም። በሬዎቹንም አያናግርም።"

"ቤት ገብቷል?"

"አይገባም። ቆሎ ግን ይበላል።"

"ሲበላ አይተሻል?"

አላየሁም። ይህንን ስነግራቸው ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። እኔ የምሥራች የነገርኳቸው መስሎኝ ነበር። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ዘቅዝቀው ለበሱ።

"ሕያው ሰው በሚካኤል አያርስም፣ ልጄ" አሉ። "ሕያው ሰው ደጁ ደርሶ ልጆቹን ሳያይ አይሄድም። ወንድሜ ቆላ ቀርቷል።"

ማክሰኞ ዕለት ሰው መጣ። በጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ልቅሶው፣ ቀጥሎ ሰዎቹ ናቸው የታዩት። አያ በቀለ፣ እትዬ ዘነበች፣ የንስሐ አባታችን መምሬ፣ ከኋላ መንደርተኛው። ጠዋት ከበሬዎቹ ጋር ወጥታ የተመለሰችው እማዬ ከጓሮ ነበረች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የማደርገውን አጣሁ። ይህን ሁሉ ሰው የጠራው የእኔ አፍ ነው። አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ።

ሰው ከአገሩ ርቆ ሲሞትና አስከሬኑ ሳይመጣ ሲቀር፣ በእኛ ዘንድ ልብሱ ይወጣና በልብሱ ላይ ይለቀሳል። አያ በቀለ በርኖሱን ሊያወርዱ ገቡ። ይዘውት ሲወጡ ግን እግራቸው ደጃፉ ላይ ቀረ። ከበርኖሱ ውሃ ይንጠባጠባል። ጠርዙ ዙሪያውን ጥቁር ጭቃ ነው፤ ገና ያልደረቀ። ልቅሶው ባንዴ ተቋረጠ። አንዲት ሴት "በስመ አብ" ስትል ሰማሁ። አያ በቀለ በርኖሱን ጥለው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ትከሻው ብቻ ቀና ብሎ፣ ሰው የሚነሳ ይመስል ነበር።

እማዬ ከጓሮ መጣች። ሰውን አየች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፣ እኔን አየች። ጎንበስ ብላ በርኖሱን አነሳችና ለበሰችው። ሹሉ ወደ ግራ ዘመም አለ።

"ያረስኩት እኔ ነኝ" አለች። "ደጀኔን አታልቅሱት። ሞተ ያለኝ ሰው የለም።"

"ሀዘን ነው የሚያናግርሽ" አሉ አያ በቀለ። "ፈሩን አይቼዋለሁ፤ የወንድ ፈር ነው።"

"የመጀመሪያዎቹን አላዩማ፣ አያ። እንደ እባብ የተጠማዘዙ ነበሩ። ደግሜ አረስኳቸው።"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀና ወዲያው ሳሉን አስመሰለ።

መምሬ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀረቡ። "አየለች፣ ልጄ። ዘነበች በሚካኤል ዕለት አይታለች። ሌላውን ቀን አንቺ አረስሽ እንበል። የሚካኤልንስ?"

እኔ አውቅ ነበር። እማዬ ሕፃኑን ታቅፋ እንደዋለች፣ በሬዎቹ ጋጣ እንደነበሩ፣ በርኖሱ ደረቅ እንደነበረ አውቅ ነበር። እውነቱን ብትናገር፣ ያን ዕለት ያረሰው ሌላ ነው ማለቷ ነው፤ ልቅሶውም ይቀጥላል። ዓይኗ እኔ ላይ መጣና ቆመ። ምን እንደፈለገች ለማወቅ ስምንት ዓመት በቂ ነው። አፌን በእጄ ያዝኩ።

"የሚካኤልንም እኔ ነኝ" አለች። "ጭንቅ ይዞኝ በዓሉን ሻርኩ። ንስሐዬን ይስጡኝ።"

እትዬ ዘነበች ተጠጉ። "ማይልኝ። በሚካኤል ስም ማይልኝ።"

"በስሙ አያስምሉኝ፣ እትዬ። እንካችሁ፣ በዓይናችሁ እዩ።"

በርኖሱን አውልቃ ለእኔ አሸከመችኝ። ከበደኝ፤ ሙቀቷ ነበረበት። በሬዎቹን አወጣች፣ ጠመደች፣ ሰው ሁሉ እያየ ሸለቆውን ተሻገረች። ጉሙ በዚያ ሰዓት ስስ ሆኖ ነበር። እርፉን ጨበጠች። ከዚያ ጮኸች። "ሳብ ቦራዬ! ቀጥ በል ጉራች፣ አንተ ሰነፍ!" እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ገደሉ ድምጿን ተቀብሎ መለሰው። ፈሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሁለተኛውም።

ወደ ገደል አፋፏ ስትደርስ ግን በሬዎቹን አቆመች። እኔ ተከትያት ስለነበር አየሁ። ያቺ ቁራሽ ታርሳለች። ፈሯ ከእማዬ ፈር የጠለቀ ነው፤ አገላበጡም በሌላ በኩል ነው። እማዬ ድንበሯ ላይ ቆማ ለአፍታ አየቻት፤ ሳትረግጣት በሬዎቹን አዞረች።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አቃኑ። "ወንድሜ ሕያው ከሆነ ይሁንልኝ" አሉና ሄዱ። አያ በቀለ ሲሄዱ ወደ ሰማይ አዩ። "በረዶ ከወረደ" አሉ። አልጨረሱትም።

መምሬ አርባ ቀን፣ በየቀኑ አርባ ስግደት ሰጧት። ከቅዳሜና እሑድ በቀር ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በዝናብ ትሰግድ ነበር። የእኔ ሥራ መቁጠር ነው። አርባ ባቄላ በጉያዬ ይዤ፣ እማዬ ግንባሯን ጭቃው ላይ ባሳረፈች ቁጥር አንዷን ወደ ጣሳው እጥላለሁ። አላፊ አግዳሚው ያያታል። አንዳንዱ "አራሿ መጣች" ይላል። እኔ በልቤ፣ ይኼ የእሷ ኃጢአት አይደለም እላለሁ፤ ከተናገርኩ ግን አባዬ ይሞታል። እንዲህ ነው የማምነው። ስለዚህ አንዲት ባቄላ እንዳትጎድል፣ አንዲትም እንዳትበዛ ተጠንቅቄ እቆጥር ነበር። ሳልሳሳት ከጨረስኩ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ዛሬም ነገር ደጋግሜ የምቆጥረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ቀን ከስግደቱ ስንመለስ "ከድንጋዩ ሥር ቆሎ የምታስቀምጪልኝ አንቺ ነበርሽ?" አለችኝ።

"ለአባዬ ነበር።"

"ያ ቆሎ ነው ያቆመኝ" አለች።

ነሐሴ ላይ ጥቁር ደመና ከገደሉ ተነስቶ በላያችን ቆመ። ጎረቤት ሁሉ ደጁ ላይ ወጥቶ የሚያየው ደመናውን ሳይሆን ቤታችንን ነበር። እማዬም ወጥታ ቆመች። ደመናው ቆይቶ ቆይቶ ወንዙን ተሻገረና እዚያ ማዶ፣ ሰው በማያርስበት ቋጥኝ ላይ በረዶውን ነጭ አድርጎ አፈሰሰው። ድምፁ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። እማዬ ጎረቤቶቹን ለአጨዳ ስትጠራቸው መጡ፤ ሁሉም አይደሉም፣ ግማሾቹ። ከአፋፏ የታጨደውን ገብስ ለብቻ ወቅታ ለኅዳር ሚካኤል ሰጠችው። ከእሱ አንዲት ፍሬ ቤታችን አልገባም።

አባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በቀትር፣ በጠራራ ፀሐይ። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ። ማሙሽ አላወቀውም። እኔም በሩ ጀርባ ተደበቅሁ። የእኔ አባት በጉም ውስጥ የሚያርሰው ረጅሙ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እማዬ ነበረች። ይኼ ቀጭኑ ማን እንደሆነ ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ቀሚሱን አላመጣም።

እማዬ እግሩን አጠበችው። ስለ እርሻው ሰው በመንገድ ነግሮታል።

"አፋፏንም አርሰሻታል አሉኝ" አላት።

"አዎ።"

አባዬ የሱሪውን እግር ሰበሰበ። "ንዳድ ይዞኝ ከሰው ተራ በወጣሁ ጊዜ፣ ሃሳቤ እሷ ላይ ነበር። ማን ያርሳታል፣ በሬዎቹ ገደል ይገባሉ እያልኩ። እዚያኛው እርሻ ያሉ ጓደኞቼ በተኛህበት እርፍ ስትገፋ ትውላለህ ይሉኝ ነበር።"

"መቼ ነው እሱ?" አለች እማዬ።

"ቀን የሚለይ ሰው አልነበርኩም።"

የእማዬ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ። ከዚያ ሌላኛውን እግሩን አነሳች።

በተከታዩ ዓመት አባዬ እርፍ ጨበጠ፤ በሦስተኛው ፈር ላይ ተቀመጠ። አቅሙ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ያረሰችው እሷ ናት፤ እሱ ደግሞ ማሙሽን አዝሎ ምሳዋን ማዶ ይወስድላታል። ወንዶቹ "ደጀኔ፣ ወጡን ጨው አድርገህበታል?" ይሉት ነበር። እሱም "ቅመሱና ፍረዱ፣ የእናንተ ሚስቶች ግን አያርሱም" ይላቸዋል። እማዬ ጉም ሲሆን ድምጿን ከፍ አድርጋ ነበር የምታርሰው፤ ማን እንደሆነች ሁሉም እንዲያውቅ። አፋፏን ግን ከዚያ በኋላ አላረሰቻትም። ሣር በቀለባት።

ባለፈው ሐምሌ፣ ያን ቀን ሽንኩርቱን ለቅሜ፣ በርኖሱን ወደ እሳቱ አስጠግቼ ለእናቴ ደወልኩላት።

"እማዬ፣ ሳትነግሪኝ ላክሽው?"

"ለብርድ ነዋ። ከብረት ጋር ስትውል ይቀዘቅዛታል።" ከበስተጀርባዋ ዶሮዎች ይጮሃሉ። "በጉም ጊዜ ዝም ብላ እንዳትሠራ ንገሪያት። ጥሩምባ አለው አይደል ያ መኪና? ታጩኸው።"

"እነግራታለሁ።" በርኖሱን ገልበጥ አደረግሁና ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣሁት። "የሚካኤል ዕለት ማሙሽን ታቅፈሽ ነበር የዋልሽው።"

"ታውቂያለሽ እኮ።"

"ታዲያ ማን ነው ያረሳት?"

ብዙ አልቆየችም። መልሱ ተዘጋጅቶ የከረመ ይመስል ነበር።

"አርባ ቀን ሰግጄበታለሁ፣ ትርንጎ። ባቄላውን የቆጠርሽልኝ አንቺ ነሽ። የኔ ነው።"